አባትየውስ የት ነው?

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሰላም ለእናንተ ይሁን። በቤተሰብ አምዳችሁ በቅርቡ ስለ አንዲት እናት ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብቤ ነው ይህን የምጽፍላችሁ። መራመድ የማይችል ልጇን አዝላ ትምህርት ቤት ስለምታመላልስ እናት ነበር። «ጀግናዋ እናት» ብላችሁታል። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ጽሑፉን በስልኳ ልካልኝ «ያንቺን ታሪክ ነው የጻፉት» አለችኝ፤ ደስ እንዲለኝ ነበር። እኔ ግን ግማሹ ላይ ስደርስ በሽቄ ነበር። በሴትዮዋ አይደለም፤ እሷን አላህ ጉልበቱን ይስጣት። በእናንተ ነው።

ጽሑፉ ሙሉ ገጽ ነው። የወገቧ ሕመም አለ፣ እንባዋ አለ፣ የቤት ኪራዩ አለ፣ ጎረቤት ስለሷ ያለው ሁሉ አለ። አባትየውን የምትመለከተው አንዲት መስመር ብቻ ናት፤ «ባለቤቷ በሥራ ምክንያት ብዙ ጊዜ ቤት አይገኝም» ትላለች። አለቀ። ሰውየው አልሞተም። ጥሎም አልሄደም። እዚያው ቤት ይበላል፣ እዚያው ቤት ያድራል። ጋዜጠኛችሁ ግን «አንተስ ልጅህን መቼ ነው የምታበላው?» ብሎ አልጠየቀውም። ጥያቄው የመጣለትም አይመስለኝም።

ሙገሳ ወጪ የለውም። አንዲትን ሴት አንዴ ጀግና ካላችኋት በኋላ ማንም እጁን አይዘረጋላትም፤ ጀግና አይደለች እንዴ፣ ትችለዋለቻ! ባሏም ጋዜጣውን ይዞ «ሚስቴ እኮ ጀግና ናት» እያለ ለጓደኞቹ ያሳያል፣ ከዚያ እግሩን ዘርግቶ ኳሱን ያያል። ይሄን የምለው ተማርሬ አይደለም። ከዚህ የተለየ ኑሮ እንዳለ ስለማውቅ ነው።

እኛ የምንኖረው ጅማ፣ ኮቺ አካባቢ ነው። እኔ በአንድ የግል ድርጅት የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ባለቤቴ ጋራዥ ውስጥ መካኒክ ነው። ሁለት ልጆች አሉን፣ ታናሿ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ሴሬብራል ፓልሲ አለባት። ለማያውቅ ሰው ባጭሩ፦ አንጎል ገና እያደገ ባለበት ጊዜ ጉዳት ሲደርስበት የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር ነው። ከመወለድ በፊት ሊሆን ይችላል፣ በምጥ ሰዓት ሊሆን ይችላል፣ ከተወለዱ በኋላም ሊሆን ይችላል። በምጥ ጊዜ አየር ማጠር፣ ያለጊዜ መወለድ፣ በጊዜ ያልታከመ የአራስ ቢጫ ወፍ፣ ማጅራት ገትር፣ እነዚህ ሁሉ ሊያመጡት ይችላሉ። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። የአንጎሉ ጉዳት ራሱ እየሰፋ አይሄድም፤ ጡንቻው ግን በየቀኑ ካልተሳሳበ እየደረቀ፣ መገጣጠሚያው እየተቆለፈ ይሄዳል። ስለዚህ ሥራው የአንድ ሰሞን አይደለም፣ የዕድሜ ልክ ነው። ደግሞ ሰውነቱ እንቢ ያለው ልጅ ሁሉ ምንም አይገባውም ብላችሁ እንዳታስቡ። የኛዋ ሁሉን ትሰማለች። ወንድሟ ሲቀጣ ትስቃለች። የማትወደው ሰው ሲገባ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች።

ሰው ግን እንዴት እንደሆነ ከመጠየቁ በፊት ጥፋተኛ ይፈልጋል። «በእርግዝናሽ ጊዜ ምን አይተሽ ደንግጠሽ ነው?» «ለክፏት ይሆናል፣ ጸበል ወይ ሼኽ ጋ ወስደሻታል?» «በናንተ ዘር አለ እንዴ?» ጥያቄው ሁሉ ለኔ ነው። ባለቤቴን በዘርህ አለ ወይ ብሎ የጠየቀው ሰው የለም። ጥፋቱ እናት ላይ ከተለጠፈ ሥራውም እዚያው ይለጠፋል፤ «ያመጣሽው አንቺ ነሽ፣ ቻይው» ነው ነገሩ። በዚህ ሰበብ የፈረሱ ቤቶች አውቃለሁ፤ በአንዱ ቤት ሰውየው ሁለተኛ አግብቶ፣ ጤነኛ ልጅ ወልዶ፣ «ይኸው፣ ችግሩ ከኔ አልነበረም» አለ።

አንድ ቁርስ ላሳያችሁ። ልጃችን ሳትደገፍ አትቀመጥም። ተጋድማ ከበላች ምግቡ ወደ ሳንባዋ ሊገባ ይችላል፣ የሳንባ ምች የሚያመጣው አንዱ ይሄ ነው። ስለዚህ ቀጥ ብላ መቀመጥ አለባት፤ አንገቷም ወደ ኋላ ሳይሆን ትንሽ ወደ ፊት ማለት አለበት። ባለቤቴ ከጣውላ ወንበር ሠርቶላታል። ግራና ቀኙ ይይዛታል፣ በመሃል እግሮቿ እንዳይጠላለፉ አጭር ምሰሶ አለው፣ ምሰሶው እንዳይጎዳት በአሮጌ የመኪና ወንበር ስፖንጅ ተጠቅልሏል። ማንኪያዋ ትንሽ ነው፣ ጠፍጣፋ። ገንፎውም ሆነ የሽሮ ፍትፍቱ ወፈር ይላል፣ ቀጭን ነገር ትን ይላታል። ማንኪያው ከፊት ለፊቷ ነው የሚመጣው። ከላይ ከመጣ ቀና ትላለች፣ ቀና ካለች አበቃ፣ ትን! ከንፈሯን እስክትገጥም ይጠበቃል። ከዚያ ጉሮሮዋ ይታያል። ዋጠች? ገና ነው። አሁንስ? አዎ። ከዚያ ሌላ ማንኪያ። አንድ ሰሃን ገንፎ አንዳንዴ አንድ ሰዓት ይፈጃል። ስልክ እያዩ የሚሠራ ሥራ አይደለም።

ይሄ ቁርሷ ብቻ ነው። የሚጥል በሽታም ስላለባት በሰዓቱ የሚሰጥ ክኒን አለ፣ ተፈጭቶ በማር ይሰጣታል። ድንገት ከተቋረጠ ሕመሙ ብሶ ይነሳባታል። ፊዚዮቴራፒ የሚሉት፣ እግሯና እጇ የሚሳሳብበት ሰዓት አለ። ማጠብ አለ፣ ዳይፐር አለ፣ የዳይፐር ዋጋ ደግሞ አይነሳ። ሌሊት ጎኗን ማገላበጥ አለ፣ ራሷ መገላበጥ ስለማትችል። ጅማ እንደምታውቁት ዝናቡ ከያዘ አይለቅም፣ መንገዳችን ጭቃ ነው፣ ዊልቸሩ አይገፋም፤ ስለዚህ ኮንትራት ባጃጅ እስከሚቆምበት ድረስ ተሸክሞ ማውጣት አለ። ሕፃን ሆና ቀላል ነበረች፣ አሁን ግን ከብዳለች። ሰው «የወላጅ ፍቅር ሸክሙን ያቀለዋል» ይላል። ፍቅሩ አለ፣ ወገብ ግን ፍቅር አያውቅም።

እንግዲህ ይሄን ሁሉ አንድ ሰው ይቻለው? እኛ ቤት ገና ከጅምሩ የተስማማነው አንድ ነገር ላይ ነው። የትኛውም ሥራ የሱ ብቻ ወይም የኔ ብቻ አይደለም፤ ሁለታችንም ሁሉንም ብቻችንን መሥራት መቻል አለብን። የተከፋፈልነው በሰዓት ነው። ከሱብሂ ሰላት በኋላ እስከ ሥራ መውጫው ያለው የሱ ነው፤ መድኃኒት፣ ማጠብ፣ ቁርስ፣ ልብስ። እኔ በዚያ ሰዓት ለራሴ እዘጋጃለሁ፣ የትልቁን ልጅ ደብተር አያለሁ። ጠዋት ልዩ ፍላጎት ክፍል ያለው ትምህርት ቤት ትውላለች፣ ከሰዓት በኋላ አንዲት ዘመዳችን ትቆያታለች። ማታው የኔ ነው። ሌሊቱን ለሁለት ሰንጥቀነዋል፣ እስከ ስምንት ሰዓት እሱ ይነሳል፣ ከስምንት ሰዓት በኋላ እኔ። በሱ ሰዓት ብታለቅስ እሰማለሁ፣ ግን አልነሳም። ረመዳን ሲገባ ይሄ ሁሉ ይገለበጣል፤ ሱሁር የሚያዘጋጀው ሰው መድኃኒቷንም ሰጥቶ ጎኗን ያገላብጣል፣ ሌላው እስከ አዛን ይተኛል። እሑድ ከሰዓት ደግሞ አንዳችን ከቤት እንወጣለን፣ በተራ። ባለቤቴ ወንድሙ ጋ ይሄዳል። እኔ ብዙ ጊዜ የትም አልሄድም፤ እህቴ ቤት ሄጄ እተኛለሁ።

ወጥ ቤቱ በር አጠገብ ሚስማር ላይ የተንጠለጠለ ደብተር አለን። ርክክቡ እዚያ ላይ ነው፣ እንደ ዘበኛ። «ጠዋት 1:00 መድኃኒት ሰጥቻለሁ፣ ግማሹን ተፋችው፣ አልደገምኩም።» «ማታ 3:20 ጣላት። ከግራ እጇ ጀመረ፣ ሁለት ደቂቃ ገደማ፣ ከዚያ ተኛች።» «ሆዷ ደርቋል፣ ፓፓያ ግዢ።» የሱ ገጾች ላይ የግሪስ አሻራ አለ፣ እጁን ሦስቴ ታጥቦም አይለቅም። ሐኪሟ ይሄን ደብተር ነው የሚያየው። ከኛ አፍ ከሚሰማው ይልቅ እዚያ ላይ ያለውን ያምናል፣ የመድኃኒቱንም መጠን ያስተካከለው የሚጥላትን ቀንና ሰዓት ከዚያ አይቶ ነው።

የሚጥለው ሰው ካለ ደግሞ ይሄን አንብቡልኝ፣ ጎረቤት ሁሉ ክብሪት ይዞ ስለሚሮጥ። ክብሪት ማሽተት ምንም አይፈይድም። አፏ ውስጥ ማንኪያ አይገባም። አጥብቆ መያዝም አይረዳም። በጎን ማስተኛት፣ ጭንቅላቷ ሥር ለስላሳ ነገር ማድረግ፣ ሰዓት ማየት። አምስት ደቂቃ ካለፈ ወደ ሐኪም ቤት መሮጥ። ይሄን ባለቤቴም ያውቀዋል፣ ትልቁ ልጃችንም ያውቀዋል።

አምና ታይፎይድ ጥሎኝ ሆስፒታል ተኝቼ ነበር። የጎረቤት ሴቶች ሊጠይቁኝ ሲመጡ ፊታቸው ላይ የነበረው ጭንቀት ለኔ አልነበረም፤ «ልጅቷስ? ማን ያበላታል?» ነበር። አባቷ ያበላታል። በሰዓቱ መድኃኒቷን ወስዳለች፣ እግሯ ተሳስቧል፣ ትምህርት ቤትም ሄዳለች። ከቤት የተደወለልኝ ስለ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ቢጫዋን ሹራብ የት እንዳስቀመጥኳት ጠፍቶበት። እኔ ያን ጊዜ ዓይኔን ጨፍኜ መታከም ችያለሁ። ጋዜጣችሁ ላይ የጻፋችኋት እናት ብትታመም ምን ይፈጠራል? ይሄን ጠይቃችኋል?

በእርግጥ መንደሩ ዝም አላለንም። አማቴ ልጃቸው ዳይፐር ሲቀይር ያዩ ጊዜ «ልጄን ምን አስነክታው ነው?» አሉ። ለኔ አይደለም የተናገሩት፣ ለጎረቤት ነው፣ እኔ በደንብ እንድሰማው ሆኖ። እኛ ጋ ወንድ ልጅ ማንኪያ ይዞ ከታየ ድግምት ነው። ጋራዥ ደግሞ ስም አውጥተውለታል፤ «ሞግዚቱ» ይሉታል። እሱ አይናደድም። «አዎ፣ ልጅህ ሲታመም ደውልልኝ፣ በነጻ ነው» ይላቸዋል። ከመካከላቸው አንዱ፣ በጣም ይስቅበት የነበረው፣ አንድ ቀን ሁሉም ከወጡ በኋላ ቀርቦ የእህቱ ልጅ እንደኛዋ መሆኑን ነገረው። ወንበሩን መጥቶ አየ። ሳቁ ከዚያ በኋላም አልቀረም፣ ግን ወንበሩን ሠርቶ ወሰደ። አማቴ እንኳን አሁን ጠዋት ከመጡ «ተዋት፣ እኔ ላብላት» ይላሉ፣ እሱ ደግሞ «እማዬ፣ መጀመሪያ አንገቷን» እያለ ያስተምራቸዋል። «አንተን ያሳደግኩ እኔን ልታስተምረኝ?» ይላሉ፣ ግን አንገቷን ያስተካክላሉ።

እህቶቼ ደግሞ አትቀየሙኝ። አንዳንድ ቤት አባትየው እንዳይነካ የምትከለክለው እናትየዋ ናት። «ተው፣ አትችልም፣ ታሳምማታለህ» ትላለች። ሰውየው መጀመሪያ ቀን ማንኪያውን በተሳሳተ በኩል ያመጣል፣ ልጁ ትን ይለዋል፣ እሷ ትቀማዋለች፣ እሱም ደስ ብሎት ይወጣል። በዚያው ወጣ ማለት ነው። እሷስ ከእናቷ ሆድ ማብላት አውቃ ወጣች እንዴ? እሷም የለመደችው እየተሳሳተች ነው። ክፍሉን ለቆ መውጣት ይከብዳል፣ አውቀዋለሁ፣ ግን ለቃችሁ ውጡ።

ሁሉም አባት ማታ ቤት የሚገባ እንዳልሆነ አይጠፋኝም። እዚህ እኛ ሀገር ቡና ነው ኑሯችን። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ስንቱ ሰው ሊሙ፣ ጎማ፣ ማና እያለ ቡና ሲሰበስብና ሲገዛ ነው የሚከርመው። ሾፌሩም አለ፣ የመንገድ ሥራ ላይ ያለውም አለ። እሱ ሌሊት ይነሳ አልልም። ግን ቡናው አልቆ ቤት ሲገባ ምን ያደርጋል? «ደክሞኛል» ብሎ ይተኛል? እሷስ ከጥቅምት ጀምሮ ስታርፍ ነው የቆየችው? ወቅቱ ሲያልቅ ሌሊቱን በሙሉ ለአንድ ወር ይውሰደው፣ ቀጠሮውን ይውሰደው። ባሎቻቸው ለሞቱባቸው፣ ለተለዩዋቸው ደግሞ አጎት አለ፣ ወንድም አለ። ለለቅሶ የሚመጣ ወንድም ለፊዚዮቴራፒ ቀጠሮም መምጣት ይችላል።

አሁን ወደ ጤና ተቋማችን ልምጣ። የቱ እንደሆነ መናገር አልፈልግም፣ ሌላውም ያው ነው። ባለቤቴ ልጅቷን ታቅፎ ገባ። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ በሱ ትከሻ ላይ አሻግራ ወደ በሩ እያየች «እናትየዋ የለችም እንዴ?» አለችው። «አባቷ ነኝ፣ እኔ ነኝ የምሠራላት» አላት። «እሺ፣ እንግዲህ ለእናቷ ትነግራታለህ» ብላ አሳየችው። ሰውየው የሚነገረው ዕቃ እንዲያደርስ ነው እንጂ እንዲሠራ አይደለም። ካርዱ ላይ ያለው ስልክ ቁጥር የኔ ብቻ ነው፣ ቀጠሮ ሲቀየር የሚደወለው ለኔ ነው፣ እኔ ደግሞ ለሱ እደውላለሁ። ወረፋ መጠበቂያው አግዳሚ ላይ ከሰቃ፣ ከዴዶ፣ ከአጋሮ የመጡ ሴቶች ናቸው የሚቀመጡት፣ ልጆቻቸውን አዝለው፣ ከሌሊት ተነስተው። ባለቤቴን ብቻውን ልጅ ይዞ ሲያዩት ከንፈራቸውን ይመጡለታል። አንዷ ደፍራ «እናቷ ሞታ ነው?» አለችው። አስቡት፣ አባት ልጁን አስታሞ የሚታየው እናት ስትሞት ብቻ ነው ማለት ነው። «ኧረ ሥራ ላይ ናት» ሲላቸው ደግሞ እኔን እንዴት እንደቦጨቁኝ ቤት መጥቶ እየሳቀ ነገረኝ።

ሥራ ስል፣ ሕጉም ቢሆን አባትን ብዙ አያውቀውም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሚስቱ ስትወልድ ለአባት የሚሰጠው ተከታታይ 3 ቀን ነው፣ ከሙሉ ደመወዝ ጋር። እናት በአንጻሩ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀናት አላት። እሷ የወለደች ናት፣ ይገባታል፣ ያንሳታል እንጂ አይበዛባትም። ግን 3 ቀን ምንድን ነው? አራሷ ገና ገንፎዋን ሳትጨርስ እሱ ሥራ ገባ። ከባድ ነገር ሲያጋጥመው ደግሞ ያለ ደመወዝ እስከ 5 ተከታታይ ቀን መውሰድ ይችላል፣ እሱም በበጀት ዓመት ከሁለት ጊዜ አይበልጥም። የኛ ልጅ ቀጠሮ ግን ዓመቱን ሙሉ ነው። የባለቤቴ አሠሪ ጥሩ ሰው ስለሆነ ነው የቀጠሮ ቀን ረፈድ አድርጎ የሚገባው፣ ማታ አምሽቶ ይከፍለዋል። በአሠሪ ጥሩነት የሚኖር ቤት ግን አሠሪው የተቀየረ ቀን ምን ይሆናል?

ሌላ ወረቀትም ሞልቷል። ሀገራችን የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን አንቀጽ 18 ልጅ ማሳደግ የሁለቱም ወላጆች የጋራ ኃላፊነት ነው ይላል። በ2002 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮንቬንሽን አንቀጽ 23 ደግሞ እነዚህ ልጆች እንዳይደበቁና እንዳይጣሉ መንግሥት ለልጆቹም ለቤተሰቦቻቸውም መረጃ፣ አገልግሎትና ድጋፍ ቀድሞ ይስጥ ይላል። ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 41 ላይ አቅም በፈቀደ መጠን ለአካል ጉዳተኞች ማቋቋሚያና እርዳታ ይመደባል ብሏል። ኮቺ ድረስ የደረሰ ግን አላየሁም። እኔ ብዙ አልጠይቅም። የቀጠሮ ካርዱ ላይ ሁለት ስልክ ቁጥር የሚጻፍበት ቦታ ይኑር። ፊዚዮቴራፒው፣ ሐኪሙና መድኃኒቱ በአንድ ቀን ይሁኑ፣ አባት በሦስት ቀን ፋንታ አንድ ቀን ነው ማስፈቀድ ያለበት። ባለሙያው ሲያሳይ «አሁን አንተ ሥራው፣ ልይህ» ይበል። ይሄ በጀት አይጠይቅም።

አንድ ነገር ግን ከሁሉ በላይ ያንገበግበኛል፣ በጽሑፋችሁም ውስጥ ነበር፣ ሳታዩት አለፋችሁት። «የአሥራ ሁለት ዓመቷ ታላቅ እህቱ እናቷን ታግዛለች» ብላችሁ አወድሳችኋታል። አባትየው ያልያዘውን ማን እንደያዘው ይኸው! ያቺ ልጅ ናት ማንኪያውን የያዘችው። ያቺ ልጅ ናት ከትምህርት ቤት የምትቀረው። እኔ ሰፈር ውስጥ ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቆመች ልጅ አለች፣ በወንድሟ ምክንያት ነው ይባላል። በወንድሟ ምክንያት አይደለም፣ በአባቷ ምክንያት ነው። ትንሽ ገንዘብ ያለው ደግሞ ከገጠር ልጅ ያስመጣል፣ አሥራ አራት ዓመት ያልሞላት ልጅ ሰባት ዓመት የሞላውን ልጅ ተሸክማ ትውላለች። ሲጥለው ምን እንደምታደርግ ያስተማራት የለም። ምሳ ሲቆይ እሷ ትሰደባለች።

ዕድራችንም ሌላ ጣጣ ነበረው። ወንዱ ለቀብር ካልወጣ፣ ድንኳን ካልተከለ፣ ካላደረ ይቀጣል። ባለቤቴ «ሌሊቱ የኔ ተራ ነው፣ ለቀብር እወጣለሁ፣ ድንኳን ውስጥ ማደሩ ግን ይቅርልኝ» ብሎ ስብሰባ ላይ አነሳ። አንድ አዛውንት «ሴቲቱ የት ሄዳ ነው?» አሉ። ሳቅ ሆነ። ሌላው «ዛሬ ለዚህ ከፈቀድን ነገ ሁሉም ልጅ አመመኝ ይላል» አለ። የዕድሩ ዳኛ ግን ብልህ ሰው ናቸው፣ «ልጅቷን አውቃታለሁ፣ ቤታቸውን አውቀዋለሁ፣ ማደሩ ይቅርለት፣ በሱ ፋንታ የድንኳኑን ብረት ይበይድልን» ብለው ቋጩት። ዘንድሮ የድንኳኑ ብረቶች አይወላገዱም። ሌሎች ዕድሮችም እንዲህ ያለ መላ ቢፈልጉ አይከፋም፣ ቅጣት ፈርቶ ከሚስቱ ጋር የሚጣላ ብዙ አባት አለ።

ከእናንተ የምፈልገው ቀላል ነው። እንዲህ ያለ ቤት ስትሄዱ አባትየውን ፈልጉት። ሥራ ቦታው ድረስ ሂዱ። የመድኃኒቱን ስም ያውቅ እንደሆነ ጠይቁት፣ ስንት ሰዓት እንደሚሰጥ ጠይቁት፣ ልጁ የማይወደው ምግብ ምን እንደሆነ ጠይቁት። መልሱን እንዳለ አትሙት። ካወቀም እሰየው፣ ጻፉለት፣ ካላወቀም ጻፉት። ባለቤቴን ግን «ጀግናው አባት» ብላችሁ እንዳትጽፉብኝ። ጋራዥ ውስጥ ሌላ ስም ይወጣለታል፣ ደግሞም የራሱን ልጅ ነው የሚያበላው።

ሌላው ጉዳይ ወንበሩ ነው። ብዙ ሰው ስለሚጠይቀን ባለቤቴ ሥዕሉን በወረቀት ላይ ሠርቶታል፣ ለዝግጅት ክፍሉ ቅጂውን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬያለሁ፣ የሚፈልግ ወላጅ ከእናንተ ይውሰድ። ልኩ ግን የኛ ልጅ ልክ ስለሆነ እንዳለ አይገለበጥ። ልጁን ሰው ደግፎት ካስቀመጣችሁት በኋላ ከመቀመጫው እስከ ጉልበቱ መታጠፊያ ለኩ፣ ከጉልበቱ እስከ ተረከዙ ለኩ፣ የዳሌውን ስፋት ለኩና ልብስ ስለሚለብስ ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ጨምሩ። እግሩ መሬት ወይም መርገጫ መንካት አለበት፣ መንጠልጠል የለበትም። የመሃሉ ምሰሶ ጉልበት አካባቢ ይሁን፣ ወደ ብሽሽት ከተጠጋ ይጎዳዋል። ከመቸንከራችሁ በፊት ፊዚዮቴራፒ ባለሙያ አሳዩት። ጣውላው በደንብ ይላግ። ልጁ ሲያድግ መቀየር ስላለበትም ምስማር ሳይሆን ብሎን ተጠቀሙ።

አንባቢያችሁ፣
ከጅማ